ምዕራፍ 7፦ በ98 እና በ100 መካከል

ላዳ ያለው ሰው አንድ ቀን ቸርኬ መፈለጉ አይቀርም። የድሮው የብረት ቸርኬ በጉድጓድ ተጣሞ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ ደግሞ ተጣሞ፣ ጠርዙ ዝጎ ንፋስ መያዝ ሲያቅተው ጎሚስታው ራሱ ይሰለቸዋል። «ከእንግዲህ ካላማዳሪ ካልገባበት አይሆንም» ብሎ ቁርጡን ይነግረዋል። ባለመኪናው መርካቶ ይወርዳል። ሶማሌ ተራ ላይ ደህና የላዳ ቸርኬ ለማግኘት መንከራተት አለ፤ የቶዮታ ቪትዝ ቸርኬ ግን ተደራርቦ ይጠብቀዋል። ሁለቱም አራት ቀዳዳ፣ ሁለቱም 13 ኢንች። በዓይን ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው።

ልዩነታቸው 2 ሚሊ ሜትር ነው። የላዳ ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 98 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቪትዝ 100 ነው። ይቺ 2 ሚሊ ሜትር ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ለወራት ተደብቃ ልትኖር ትችላለች። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ ለሚወርድ ግን ብዙም አትደበቅም። ጠመዝማዛው መሪውን እስከ መጨረሻው ያስጠመዝዛል፣ ዳገቱ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግላል። በዚያ ላይ መንገዱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጥጉን ይዘው ይወርዳሉ፣ ሯጮች ይወጣሉ፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የመኪናው ሰልፍ ራሱን የቻለ ነው። ጎማ የሚወልቅበት ቦታ አይደለም።

98 ከየት መጣ? ከጣልያን። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶልያቲ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ተከለች። በ1970 ከዚያ መውጣት የጀመረችው የመጀመሪያዋ ላዳ፣ በአውሮፓ የ1967 የዓመቱ መኪና የተባለችው ፊያት 124 ናት ማለት ይቻላል። ሩስያውያኑ ለመጥፎ መንገድ ብለው ብረቷን አወፈሩ፣ ሞተሯን ለወጡ፣ የኋላ ፍሬኗን ከዲስክ ወደ ካምፓና መለሱ፤ የቡሎኑን ክብ ግን አልነኩትም። ፊያት 98 ላይ ነበር፣ ላዳም 98 ላይ ቀረች። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ገብታ ሰማያዊና ነጭ የለበሰችው ታክሲ ያንን የጣልያን ልክ ይዛ ነው የመጣችው። ስለዚህ ላዳ ያለው ሰው የፊያት ቸርኬ ቢያገኝ ከቪትዙ ይልቅ ያኛው ለመኪናው የቅርብ ዘመድ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከድሮው ይልቅ ያሳስባል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ላይ የአዲስ መኪና ዋጋ ሲታከል፣ ያለው መኪና እየተጠገነ ይቆያል ማለት ነው። የሠላሳና የአርባ ዓመት መኪና የራሱን ቸርኬ ሲያጣ የሌላ መኪና ቸርኬ ይጫንለታል፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ሳይለኩ መጫኑ ላይ ነው።

ወደ ላዳና ቪትዙ እንመለስ። ቸርኬውን ተሸክሞ የመጣው ባለመኪና መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት ቡሎኑ ሳይሆን መሃሉ ነው። ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ ከመሃሉ ብቅ ያለ ክብ ጉብታ አለው፤ የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ እዚያ ላይ ይሰካል። የላዳ ጉብታ 58.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የቪትዝ ቸርኬ ቀዳዳ 54.1 ነው። አይገባም። እዚህ ላይ መኪናዋ በግልጽ «ይህ የኔ አይደለም» ብላለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ቸርኬው ቶርኖ ቤት ይሄድና ቀዳዳው ይሰፋል። አሁን ሞዞው ላይ ግጥም ብሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ ቡሎኑ ሲገባ ሌላ ጉድ ይመጣል፤ አራቱም ቀዳዳዎች ከሞዞው ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ናቸው። የቡሎኑ አንገት ሾጣጣ ነው፤ ቸርኬው ላይ ካለው ሾጣጣ መቀመጫ ጋር ዙሪያውን መንካት አለበት። 1 ሚሊ ሜትር ሲስት በአንድ ጎኑ ብቻ ይነክሳል። ሲጠብቅ ቡሎኑ ይጎብጣል እንጂ አይቀመጥም። ቶርኖ ቤት ያልሄደ፣ በሌላ መንገድ መሃሉ ልቅ የሆነ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ መጀመሪያ የጠበቀው ቡሎን ቸርኬውን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሙሉውን 2 ሚሊ ሜትር ይስታል፣ ጎማው ከመሃሉ ወጥቶ ይሽከረከራል።

ይህን ጊዜ ነው ያ የታወቀ ንግግር የሚሰማው። የጎሚስታ ቤቱ ልጅ ቡሎን የሚያጠብቅበትን የአየር ጠመንጃ አስቀምጦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ጋሼ፣ አያስቡ። ቡሎኑ ገብቷል እኮ!»

«መግባቱንማ አየሁ። እስቲ ፍታውና በጣትህ ብቻ መልሰህ አስገባው።»

ሽማግሌው የጠየቁት ትክክለኛውን ፈተና ነው። ልኩ የሆነ ቡሎን በጣት ተሽከርክሮ መቀመጫው ድረስ ይደርሳል። ሁለት ዙር ሄዶ ከቆመ ወይ ክቡ አልገጠመም፣ ወይ ጥርሱ ሌላ ነው። የላዳና የሱዙኪ ጥርስ 12 በ1.25 ነው፣ የቶዮታ 12 በ1.5። ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ይሄዳል። በጣት የሚሠራ ሰው ወዲያው ይነቃል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ጥርሱን በልቶት ከጨረሰ በኋላም «ጠበቀ» ይላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጠመንጃ የሚጀምር ጎሚስታ ቤት መኪናዬን የማልሰጠው።

ለ2 ሚሊ ሜትሩ መፍትሔ የለም አልልም። አንገታቸው ከግንዱ ተለይቶ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ልዩ ቡሎኖች አሉ፤ የተሠሩትም 98ን ከ100 ለማስታረቅ ነው። መሃሉ ሞዞው ላይ በትክክል ከተሰካ ሥራቸውን ይሠራሉ። ገበያ ላይ ደህና ዓይነቱን ማግኘት ግን የላዳ ቸርኬ ከማግኘት አይቀልም፤ ታዲያ ለምን ዙሪያ ጥምጥም?

አራት ቀዳዳ ያለውን መለካት ቀላል ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ትይዩው እስካለው ቀዳዳ መሃል ይለካል። የቀዳዳ መሃል በዓይን መገመት ስለማይመች፣ ከአንዱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ እስከ ሌላኛው የግራ ጠርዝ ቢለካ ውጤቱ ያው ነው። 98ን ከ100 ለመለየት ግን የልብስ ሰፊ ሜትር አይበቃም፤ ካሊፐር ያስፈልጋል። ቶርኖ ቤት ሁሉ አለ። ባለ ስድስቱም እንዲሁ ፊት ለፊት ይለካል። አምስት ቀዳዳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ የለም። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ለክተው በ1.7 ያባዙ። 67.2 ካገኙ ክቡ 114.3 ነው፤ ብዙ የጃፓን መኪና እዚህ ውስጥ ይወድቃል። 58.8 ከሆነ 100 ነው። 114.3 ምን ዓይነት ጎዶሎ ቁጥር ነው ያለ ሰው ካለ፣ 4 ኢንች ተኩል ነው። የፒክአፖቹ 139.7ም 5 ኢንች ተኩል መሆኑ ነው።

የመኪና ስም ማመን አያዋጣም። ለምሳሌ «ዲኤክስ» እንውሰድ። ከተማችን ውስጥ ዲኤክስ ሲባል ሁሉም ሰው ያቺን የድሮ ኮሮላ ያስባል። ዲኤክስ ግን ቶዮታ ለመኪናው የዕቃ ደረጃ የሰጠው ምልክት እንጂ የአንድ ሞዴል ስም አይደለም። በኋላ እግሯ የምትነዳው እ.ኤ.አ. የ70ዎቹ መጨረሻና የ80ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ ክቧ 114.3 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣችውና በፊት እግሯ የምትነዳው ተተኪዋ ወደ 100 ወርዳለች። ሁለቱም ኮሮላ፣ ሁለቱም አራት ቀዳዳ፣ ኋላቸው ላይ ያው ሁለት ፊደል። «የዲኤክስ ቸርኬ አለህ?» ብሎ በስልክ ጠይቆ ገንዘብ የላከ ሰው ዕድሉን ነው የሞከረው። ቮልስም እንዲሁ ናት። የቀድሞዎቹ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ተበትኖ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ብዙዎቹ አራት ቡሎን በ130 ሆኑ። ላንድክሩዘር 70ም እ.ኤ.አ. በ1999 ከስድስት ቡሎን ወደ አምስት ዞራለች። ፔጆ 504 ደግሞ 140 ላይ ናት፤ የፔጆ ባለቤቶች ቸርኬ ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራው ለዚህ ይሆናል።

ክቡና መሃሉ ከገጠሙ በኋላ ሰው የሚረሳው ነገር ይመጣል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል ይቆማል? ይህን የሚወስነው ኦፍሴት የሚባለው ልክ ነው። ቸርኬውን በወርዱ መሃል ለመሃል ብንሰነጥቀው፣ ከሞዞው ጋር የሚጣበቀው ገጽ ከዚያ መስመር ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግረናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። የላዳ 29 ነው። የቪትዝ እስከ 45 ይደርሳል። ወርዱ እኩል ሆኖ 45 የሆነው ላዳ ላይ ቢገባ ጎማው በእያንዳንዱ ጎን 16 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠጋል ማለት ነው። ቆማ ሳለች ምንም አይታይም። እንጦጦ ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አንዱ ጎን በጭነት ሲጫን ግን የጎማው የውስጥ ትከሻ ወይ ከመሪው ዘንግ ወይ ከሻንሲው ጋር ይፋተጋል።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ የድሮ ብረት ላይ ዝገት በልቶት ወይም ቀለም ውጦት ከሆነ እንዲህ ይለኩ። ቸርኬውን ያለ ጎማ በፊቱ መሬት ላይ ያስተኙ። ጀርባው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ብረት ያጋድሙ፤ ከብረቱ ወደ ታች ሞዞ የሚነካው ገጽ ድረስ ይለኩ። ባለ 5 ኢንች ቸርኬ ወርዱ 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱ ጠርዞች ውፍረት ሲጨመርበት ከጫፍ እስከ ጫፍ 152 ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ 76። ወደ ታች የለኩት 105 ከሆነ ከ76 የሚበልጠው 29 ነው፤ የላዳ ልክ። 121 ካገኙ 45 ነው፤ ይተዉት።

ወደ ውጭ የወጣውም ከዚህ አይሻልም። ወጣቶቻችን ጎማው ከፓራፋንጎው ብቅ ብሎ ሲታይ ደስ ይላቸዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ያያል። የሚከፍለው ኩሽኔታው ነው። ክብደቱ ከኩሽኔታው መሃል በራቀ ቁጥር ሞዞው እንደ ማንሻ እየተጫነው ያልቃል፤ መሪውም ጉድጓድ ባለፉ ቁጥር ከእጅ ይነጥቃል። በቸርኬና በሞዞ መካከል ቶርኖ ቤት የተሠራ ወፍራም ቀለበት ጨምሮ ጎማ ማውጣት የሚወድ ሰው ቢያንስ የቡሎኑን ርዝመት ያስብ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርሱ መያዝ አለበት፤ የላዳው ጥርስ ላይ ይህ ወደ 10 ዙር፣ የቶዮታው ላይ 8 ዙር ነው። በጣት ሲያስገቡ ይቁጠሩት። አምስት ዙር ብቻ ሄዶ የጠበቀ ቡሎን ቁልቁለት አያይም።

ስለ ጎማው ራሱ አጭር ስሌት አለ። ቸርኬው በ1 ኢንች ሲያድግ ጎማው በዚያው ልክ ቀጭን ጎን ይኑረው ነው ነገሩ። ላዳ 175/70 አር 13 ስትለብስ ቁመቱ 575 ሚሊ ሜትር ነው። 14 ኢንች ቸርኬ ላይ 185/60 ቢደረግ 578 ይሆናል፤ ልዩነቱ የለም ማለት ነው። 15 ኢንች ላይ 185/65 ጭኖ የመጣ ሰው ግን 621 ሚሊ ሜትር ይዞ መጥቷል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው የላዳ ሞተር እንጦጦ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ሲሶ ያህል አጥቷል። ከቀረው ላይ ረጅሙ ጎማ ሌላ 7 በመቶ ይነጥቀዋል። ዳገቱ መሃል ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ሲል መካኒኩ ካርቡሬተር ሲፈታ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ቸርኬው ላይ ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 60 ሲል መኪናዋ 65 እየሄደች ነው።

ቸርኬ ከነጎማው ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ 2316 ቢል በ2016 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «የ16 ጎማ ነው፣ ገና አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ሆነ ብሎም ይሁን ሳያውቅ በእኛ 2008 የተሠራውን ጎማ እየሸጠ ነው።

አሁን ቁልቁለቱ። አንድ ሺህ ኪሎ የምትመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ብትወርድ፣ ሞተሩ ካልያዘላት፣ ፍሬኗ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት 12 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሙቀቱ ከዲስኩና ከካምፓናው ወደ ሞዞው፣ ከሞዞው ወደ ቸርኬው ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ቀለም የሚጋለጠው። ያገለገለ ቸርኬ ሻጭ አሳምሮ ቀብቶ ያቀርባል፤ ቀለሙ የቡሎኑ መቀመጫ ውስጥና ሞዞው የሚነካው ገጽ ላይም ገብቷል። ቡሎኑ የጠበቀው በቀለም ላይ ነው። ሲግል ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ ቡሎኑ ይላላል። ከመግጠም በፊት ሁለቱን ገጽ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ መፈግፈግ ግድ ነው፤ የሞዞውንም የዝገት ቅርፊት እንዲሁ። ሞዞው ላይ የቀረች የዝገት ፍርፋሪ ቸርኬውን ታጋድለዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈለው የባላንስ ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። የቸርኬው መሃል ከሞዞው ከሰፋ የሚገባው ማጥበቢያ ቀለበትም ለእንጦጦ ሰው ከፕላስቲክ ይልቅ የአልሙኒየም ቢሆን እመርጣለሁ።

አልሙኒየም ቸርኬ ሲሆን ክንዶቹ ከብረቱ ስለሚወፍሩ ከፍሬን ካሊፐሩ ጋር የመነካካት ዕድል አለ። በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ሊጥ ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ይለጥፉ። ቸርኬውን ያለ ጎማ ሰክተው በቡሎን ይያዙት፤ በእጅ አንድ ዙር አዙረው ያውልቁ። ሊጡ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ቸርኬው አይሆንም። ሊጡ ከዚያ በላይ ከቀረ ጎማውን አስገጥመው መኪናዋን ከክሪክ ያውርዱ፤ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ፣ ሰው ጭነውም ይድገሙት። አራት ሰው ያልተጫነበት ሙከራ የቅዳሜውን የቤተሰብ ጉዞ አይወክልም።

ከዚህ በኋላ አጥብቆ መሄድ ነው፤ በቶርክ መፍቻ፣ በመስቀል ተራ። ቶዮታ ለትንንሽ መኪኖቿ 103 ኒውተን ሜትር ትላለች፤ ላዳ ከዚያ በጣም ዝቅ ብላ 60 እና 70 መካከል ትረካለች። የቪትዙን ጎማ በሚያጠብቅበት ክንድ የላዳን ቡሎን የሚያጠብቅ ልጅ ጥርሱን እየጎተተው ነው። ሱሉልታ ደርሶ መልስ ያህል ከተሄደ በኋላ፣ ጎማው ሲበርድ፣ ሁሉም እንደገና ይፈተሻል። ሩብ ዙር የተቀበለ ቡሎን ካለ በሚቀጥለው ሳምንትም ይፈተሻል። ሁለተኛ ጊዜም ከተቀበለ መቀመጫው ልክ አይደለም፤ ይፈታ።

የቀረው ስኮርታው ነው። ላዳ ቡሎን እንጂ ዳዶ አትጠቀምም፤ አልሙኒየም ቸርኬ የገጠመ ሰው ረዘም ያለ ቡሎን ገዝቷል። ኋላ ሳጥኑ ውስጥ የተኛው ስኮርታ ግን ያው የድሮው ቀጭን ብረት ነው። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ ረጅሙ ቡሎን በቀጭኑ ብረት ውስጥ ሲገባ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ኋላ ላይ ከሆነ የካምፓናውን ውስጥ ይፍቃል፣ አንዳንዴም ጎማውን ጭራሽ ያቆመዋል። አራቱ የድሮ አጭር ቡሎኖች አይጣሉም። በጨርቅ ተቋጥረው ከክሪኩ ጋር ይቀመጣሉ፤ መኪናዋ ስትሸጥም ለገዢው ለምን እንደሆኑ ተነግሮት አብረው ይሰጣሉ።